ለኩርባም ለረጅም ጉዞም የሚሆን አንድ ሞተር ሳይክል እንዴት ይመረጣል?

ሁለት ሞተር ሳይክል የሚያቆምበት ቦታ ኖሮት ሁለት ኢንሹራንስ መክፈል የሚችል ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው አንድ ገዝቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራማ መንገድ ላይ ኩርባ ሊጫወትበት፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ደግሞ ሻንጣ ጭኖ፣ ሰውም አፈናጦ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሄድበት ይፈልጋል። ይቻላል። ምርጫው የሚበላሸው ከፈረስ ጉልበት ሲጀመር ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ትርፍ የሚታወቀው መኪና በሚቀደምባት ቅጽበት ብቻ ነው። የመሪው ከፍታ፣ የወንበሩ ቅርጽ፣ የሞላው ጥንካሬና የንፋሱ አመጣጥ ግን ከቤት ወጥታችሁ እስክትመለሱ አይለቋችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ ሰውነታችሁን፣ ከዚያ የምትጭኑትን ክብደት እዩ። ኢንጂን መጨረሻ ይምጣ።

የምትነዱበት መንገድ

ዋሺንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው ኩርባ ለማግኘት በ66 ሃይዌይ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ፍሮንት ሮያል መድረስ አለበት። ከዚያ ስካይላይን ድራይቭ ይጀምራል፤ 105 ማይል ወይም 169 ኪሎ ሜትር ኩርባ ነው፣ የፍጥነት ገደቡ ግን በሰዓት 35 ማይል (56 ኪሎ ሜትር) ነው። ከጫፉ የሚቀጥለው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 469 ማይል ሲሆን በሰዓት ከ45 ማይል በላይ አይፈቀድበትም። እዚህ መንገድ ላይ ሱፐርስፖርት (እንደ ውድድር ሞተር ሳይክል የተሠራ) ይዞ መሄድ ራስን መቅጣት ነው። በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሞተር ሳይክል በ56 ሲነዳ ኢንጂኑ ጉልበቱን ከሚሰጥበት ዙር አይደርስም። በዚያ ላይ የሰውነታችሁ ክብደት የእጅ አንጓችሁ ላይ ይወድቃል፤ በፍጥነት ስትሄዱ ደረታችሁን ደግፎ የሚያቀልላችሁ ንፋስ በ56 የለም።

ጀርመን ያለ ሰው ሒሳቡ ይለያል። ከባደን ባደን ወደ ፍሮይደንሽታት የሚሄደው ቢ500 የተባለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የጥቁር ጫካ ኩርባ ቢሆንም፣ እዚያ የሚደረሰው ፍጥነት ባልተገደበበት አውቶባን ነው። ለእሱ የንፋስ መከላከያና ሻንጣ ተጭኖ በፍጥነት አለመወዛወዝ ይቀድማሉ። ኤምሬትስ ውስጥ ወደ ጀበል ጃይስ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ጥያቄው ሙቀት ነው። ሙሉ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ኢንጂን የራዲያተሩን ትኩስ አየር ወደ ጭን የሚያወጣ ከሆነ፣ በበጋ ትራፊክ መብራት ላይ መቆም አይቻልም። ይህንን ሻጭ አይነግራችሁም፤ ሙከራውን እኩለ ቀን ላይ አድርጉት።

አገር ቤት ለመንዳት ያሰበ ሰው ግን ከዚህ በታች የተጠቀሱትን አብዛኞቹን ሞተር ሳይክሎች ይተዋቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ አስፋልቱ በከባድ መኪና የተሸበሸበበት ቦታ አለ፤ ጥገና ላይ ያለ ጠጠር መንገድም የትም ያጋጥማል። ባለ 17 ኢንች ቸርኬና ዝቅ ያለ ማርሚታ ለዚያ አልተሠሩም። እንደ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ያለ፣ የፊት ቸርኬው 19 ኢንች፣ ታንኩ 20 ሊትር የሆነ ይሻላል፤ ኩርባ ላይም ከሚገመተው በላይ ይሄዳል።

ወንበሩ ላይ 10 ደቂቃ

ሱቅ ውስጥ በጂንስና በስኒከር ለግማሽ ደቂቃ ተቀምጦ መውረድ ምንም አይነግርም። ቦቲያችሁን፣ ጃኬታችሁንና ጓንታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሰው ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁ፤ እግራችሁን መርገጫው ላይ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ተቀመጡ። ከዚያ ወገባችሁን ሳታንቀሳቅሱ እጃችሁን ከመሪው ላይ አንሱ። ወደ ፊት የምትደፉ ከሆነ አንጓችሁ ነው የተሸከማችሁ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መዳፋችሁ ይደነዝዛል። ሳትቸገሩ በሆድና በጭን ጡንቻ ብቻ መቆየት ከቻላችሁ ልኩ ነው። ጉልበታችሁ ከ90 ዲግሪ በጣም ጠብቦ ከታጠፈም ረጅም መንገድ ላይ ያማል።

ቀጥ ብሎ መቀመጥ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። ፍጹም ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ ክብደቱ በሙሉ መቀመጫችሁ ላይ ያርፋል፣ ንፋሱ ደረታችሁን ይመታል፣ የፊት ጎማውም ምን እየሠራ እንደሆነ እጃችሁ ላይ አይሰማችሁም። ለሁለቱም ሥራ የሚሆነው ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ አቀማመጥ ነው፤ መሪው ከፎርኩ (የፊት ጎማውን ከሚይዙት ሁለት ቱቦዎች) የላይኛው ማቀፊያ በላይ የተነሳ፣ መርገጫው ወደ ኋላ ትንሽ የገባ። መሪ ከፍ የሚያደርግ ማስነሻ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ድረስ ይረዳል። ከገጠማችሁ በኋላ ግን መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙራችሁ የፍሬን ቱቦውና የፍሪሲዮን ገመዱ እንዳይወጠሩ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹም ሽፋኑን እንዳይነኩ አረጋግጡ። ያልተረጋገጠ ማስነሻ ጠባብ ቦታ ላይ ስትዞሩ ጋዙን ራሱ ሊስብ ይችላል።

ንፋስ መከላከያ ትልቅ ስለሆነ ጥሩ አይሆንም። ራስን የሚያንቀጠቅጠው ከመከላከያው መስታወት ጫፍ ላይ ተቆርጦ የሚመጣው የተበጠበጠ አየር ነው፤ እሱ አገጭ ወይም ግንባር ላይ ካረፈ በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዓይን እስኪደበዝዝ ያንቀጠቅጣል። ባዶ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መርገጫው ላይ ቆማችሁ ከወንበሩ አንድ ስንዝር ብድግ በሉ። ድምፁ ንጹሕና እኩል ከሆነ አየሩ የሚበጠበጠው ስትቀመጡ የራስ ቁሩ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ነው ማለት ነው፤ የሚሻለው አጠር ያለ መስታወት ነው። ወደ ታች ስትጎነበሱ ጸጥ የሚል ከሆነ ደግሞ ከፍ ያለ ያስፈልጋችኋል።

የክብደት ሒሳብ

ብዙ ሰው የማይሠራው ሒሳብ ይህ ነው። ሻንሲው ላይ ወይም መጽሐፉ ውስጥ የተጻፈውን የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ፈልጉ፤ ከእሱ ላይ በሙሉ ታንክ ያለውን ክብደት ቀንሱ። የተፈቀደው 420 ኪሎ፣ ሞተር ሳይክሉ 225 ቢሆን የሚተርፈው 195 ነው። ነጂው 80፣ ልብሱና ሄልሜቱ 10፣ የሚፈናጠጠው ሰው 65 ከነልብሱ፣ ሁለቱ የጎን ሳጥኖች ባዶአቸውን ከነማሰሪያቸው 12። 167 ደረሰ፤ ለዕቃ የቀረው 28 ኪሎ ብቻ ነው። የኋላ ሳጥን፣ መቆለፊያና የዝናብ ልብስ ሲጨመር አለቀ። አንዳንድ ለስፖርት ያደላ ሞተር ሳይክል ሁለት ሰው ብቻ ሲጫንበት ይሞላል፤ ሰው አፈናጣችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ እነዚህን ከዝርዝሩ አውጡ።

የነዳጁም ሒሳብ ቀላል ነው። 19 ሊትር ታንክ በ100 ኪሎ ሜትር 5.5 ሊትር ቢበላ 345 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ እናንተ ግን በ270 አካባቢ ቅዱ። ከ16 ሊትር በታች ያለ ታንክ ለረጅም ጉዞ ያስለፋል። ከ20 በላይ የሆነው ደግሞ ሙሉ ሲሆን ኩርባ ላይ ከላይ ይከብዳል።

ከገበያው ውስጥ

ለአንድ ሞተር ሳይክል ብቻ ገንዘብ ላለው ሰው ያማህ ትሬሰር 9 ጂቲ መነሻ ይሁን። ከ2021 ወዲህ ያለው 890 ሲሲ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 119 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 220 ኪሎ ገደማ ነው። ከታች ጀምሮ ስለሚስብ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ብቻ ሙሉ ተራራ ይወጣል፤ የቫልቭ ክፍተት ምርመራውም የሚደርሰው በ40,000 ኪሎ ሜትር ነው። ያገለገለ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ዓመቱን እዩ። በ2015 የወጣው የመጀመሪያው ትሬሰር 900፣ አሜሪካ ውስጥ ኤፍጄ-09 የተባለው፣ ሞላው ልል ነው፣ ሳጥን ሲጫንበትም በፍጥነት ላይ ጅራቱ ይወዛወዛል። ያማህ በ2018 የኋላ ክንዱን፣ ማለትም የኋላውን ጎማ የሚይዘውን ብረት፣ በ60 ሚሊ ሜትር ያስረዘመው ለዚህ ነው። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ የ2018ቱን ውሰዱ።

ወደ ስፖርት ለሚያደላ አሁን ምርቱ የቆመው ካዋሳኪ ኒንጃ 1000ኤስኤክስ (1043 ሲሲ፣ 142 የፈረስ ጉልበት፣ 235 ኪሎ) እና ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-ኤስ1000ጂቲ (152 የፈረስ ጉልበት፣ 226 ኪሎ) አሉ። ሁለቱም ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው። የሱዙኪው ኢንጂን ዘሩ ከ2005ቱ ጂኤስኤክስ-አር1000 የመጣ ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ቫልቩ ግን በ24,000 ይታያል፤ ሽፋኑን አውልቆ መድረሱ ጊዜ ስለሚፈጅ መካኒክ ያስከፍላል።

ወደ ጉዞ ለሚያደላ ሆንዳ ኤንቲ1100 አለ፤ 1084 ሲሲ፣ 102 የፈረስ ጉልበት፣ 20.4 ሊትር ታንክ። የፍሪሲዮን እጀታ የሌለው፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይረው ዓይነቱም ይገኛል። ከእነዚህ ሁሉ ወገብ የሚያሳርፈው እሱ ነው፤ ኩርባ ላይ ደግሞ የመጨረሻው እሱ ነው። አሁን ምርቱ የቆመው ቢኤምደብሊው አር1250አርኤስ መሐል ላይ ይቀመጣል። 243 ኪሎ ቢመዝንም ክብደቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰንሰለት የለውም፣ ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን ስለወጡ በ20,000 የሚደረገው የቫልቭ ምርመራ ቀላል ነው። ዓመት ሙሉ በዝናብና በጨው መንገድ ለሚነዳ ሰው ሰንሰለት አለመኖሩ ብቻውን ለውሳኔ ይበቃል።

አውሮፓ ውስጥ ኤ2 (የመካከለኛ ጉልበት) መንጃ ፈቃድ ላይ ያሉ ልብ ይበሉ፤ የሚፈቀድላቸው 35 ኪሎዋት ነው፣ ተገድቦ የሚወርደውም ኢንጂን ከመጀመሪያው ከ70 ኪሎዋት ያልበለጠ መሆን አለበት። ትሬሰር 9 87.5 ኪሎዋት ስለሆነ አይወርድም፤ ትሬሰር 7 (689 ሲሲ፣ 54 ኪሎዋት) ይወርዳል፣ በኋላም ገደቡን አስነስቶ እሱኑ መያዝ ይቻላል።

ያገለገለ ስትገዙ

ከመድረሳችሁ በፊት ኢንጂኑን እንዳያስነሱት ለባለቤቱ ንገሩት፤ ስትደርሱ በእጃችሁ ነክታችሁ ሞቆ ካገኛችሁት ጠዋት ለመነሳት የሚያስቸግር ነገር ተደብቆ ይሆናል። የፊት ፎርኩን የሚያብረቀርቅ ብረት በጣታችሁ ጥረጉ፤ የዘይት ቀለበት ካለ ማገጃ ጎሚኒው ሄዷል። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪውን በሁለት ጣት በቀስታ አዙሩት፤ ልክ መሐል ላይ ቋ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። ከዚያ መሪው ሲዞር የሚያርፍበትን የሻንሲ ማቆሚያ ተመልከቱ። ማቆሚያው የተጎረደ ወይም ቀለሙ የተላጠ ከሆነ ሞተር ሳይክሉ በኃይል ወድቋል፤ አዲስ ፕላስቲክ ይህንን አይሸፍንም። አሜሪካ ውስጥ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ሳልቬጅ፣ ማለትም በከባድ ጉዳት የተጣለ፣ የሚል መኖሩንም እዩ።

ርካሽ የሆነ መልቲ ሜትር (ቮልት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። ኢንጂኑ ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ በ5,000 ዙር ከ13.8 እስከ 14.5 መታየት አለበት። ይህ በተለይ ለድሮ ሆንዳ ቪኤፍአር800 ገዢዎች ነው። ሞተር ሳይክሉ ለሁለቱም ሥራ ከተሠሩት ምርጦች አንዱ ቢሆንም፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያው በሙቀት ይቃጠላል፤ ሲቃጠል ባትሪውንም ይዞ ይሄዳል።

ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2919 ካለ በ2019 29ኛ ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቆ ስለሚሆን ዋጋውን ከሒሳቡ ላይ ቀንሱ።

የሙከራ ጉዞው ግማሽ ሰዓት ይሁን፣ ግማሹ ሃይዌይ ላይ። በመጨረሻው ማርሽ ከ100 እስከ 130 ባለው ክልል ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ባለ አራት ሲሊንደር ኢንጂን በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ መሪና መርገጫ ውስጥ ቀጭን ንዝረት ይለቃል፤ ያ ዙር ልክ በየቀኑ በምትሄዱበት ፍጥነት ላይ ከወደቀ ተዉት። በኋላ ማሳያ መስታወቱ ውስጥ የኋላ መኪና ታርጋ የሚነበብ መሆኑን እዚያው ታያላችሁ።

ከገዛችሁ በኋላ፦ ሞላው ላይ ገንዘብ አውጡ

ማርሚታ ከመቀየራችሁ በፊት ይህንን ሥሩ። ያው ሞተር ሳይክል ቅዳሜ ለኩርባ፣ እሁድ ለሻንጣ የሚሆነው በዚህ ማስተካከያ ነው። ሁለት ረዳትና ሜትር ያስፈልጋል። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሲንጠለጠል ከጎማው እንዝርት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ጅራቱ ላይ እስከለጠፋችሁት ምልክት ለኩ፤ 560 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ቀጥሎ ባዶውን በራሱ ክብደት አቁሙትና ለኩ፤ 551። ከዚያ ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ተቀመጡበት፣ እግራችሁ መርገጫው ላይ፣ አንድ ሰው ከፊት ይያዝ፣ ሌላው ይለካ፤ 527። ባዶውን 9፣ ተቀምጣችሁበት 33 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ለመንገድ የሚፈለገው ከእናንተ ጋር ከ30 እስከ 35፣ ባዶውን ከ5 እስከ 10 ነው። ካልሆነ ሞላውን የሚጫነውን ቀለበት ወይም መዘውር እያዞራችሁ አስተካክሉ።

እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ይሳሳታል። ከእናንተ ጋር 33 እንዲሆን ቀለበቱን በጣም አጥብቃችሁ ባዶውን ምንም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ለክብደታችሁ ልል ነው ማለት ነው። ቀለበቱን ይበልጥ ማጥበቅ ሞላውን አያጠነክረውም፤ መነሻውን ብቻ ይቀይራል። ጠንከር ያለ ሞላ ግዙ። ከ90 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው ከፋብሪካ የመጣው ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ሰው ስታፈናጡ ወይም ሳጥን ስትሞሉ ያንኑ 33 መልሳችሁ እስክታገኙ ድረስ አጥብቁ። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ጅራቱ ይቀመጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ኩርባ ላይ ሞተር ሳይክሉ ወደ ውጭ ይሰፋል፣ መርገጫው ከተለመደው ቀድሞ አስፋልት ይነካል፣ የፊት መብራቱም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ገዢዎች «ከባድ ነው፣ አይታጠፍም» ብለው የሚሸጡት ሞተር ሳይክል ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው።

የሞላውን የመመለሻ ፍጥነት ለማየት ወንበሩን በኃይል ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁ። አንዴ ተነስቶ መቆም አለበት። ሁለቴ ከዘለለ የመመለሻውን ብሎን ሁለት ክሊክ አጥብቁ፤ እየተጎተተ ከተነሳ ሁለት አላሉ። በጣም ከጠበቀ ተከታታይ ጉድጓድ ላይ ሞላው ሳይመለስ ሌላው ይመታዋል፣ እየወረደ ሄዶ እንደ ድንጋይ ይደርቃል።

ጎማ ላይ ፉክክር ውስጥ አትግቡ። ለውድድር የተሠራ ለስላሳ ጎማ መሞቅ ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛ ዝናብ ላይ አይሞቅም፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ብዙ ሳይርቅም ያልቃል። ሚሽሊን ሮድ 6፣ ፒሬሊ ኤንጀል ጂቲ 2፣ ደንሎፕ ሮድስማርት 4 የመሳሰሉት መሐላቸው ጠንካራ፣ ጠርዛቸው ለስላሳ ሆኖ የተሠሩ ናቸው፤ በሕዝብ መንገድ ላይ የማይበቁበት ኩርባ የለም። ብዙ ሃይዌይ ከነዳችሁ የኋላው መሐሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ኩርባ ሲገባም ከጠፍጣፋው ጠርዝ ላይ ወድቆ ያዘነብላል፤ ጥርስ ቢተርፈውም ያኔ ቀይሩት። ንፋሱን በቀዝቃዛ ጎማ ለኩ፤ ለብዙዎቹ የፊቱ 36፣ የኋላው 42 ፒኤስአይ ነው፣ ትክክለኛው ክንዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ።

ዕቃ ስትጭኑ ከባዱ በጎን ሳጥኖች ውስጥ ከታችና ወደ ፊት ይግባ። የኋላው ሳጥን ከኋላ ጎማው እንዝርት በላይና በስተኋላ ስለሆነ እዚያ የሚገባ እያንዳንዱ ኪሎ የፊት ጎማውን ያነሳል፤ ብዙ ፋብሪካዎች ከ5 እስከ 10 ኪሎ ብቻ የሚፈቅዱት፣ ፍጥነትም የሚገድቡት ለዚህ ነው። ሄልሜት፣ ጃኬትና የዝናብ ልብስ ይበቃዋል።

ሰንሰለቱንም ከጭነት በፊት እዩ። ልልነቱን ጎማውን እያዞራችሁ በጣም በሚወጠርበት ቦታ ላይ ለኩ፤ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፣ የእናንተው ልክ ግን ተለጣፊው ላይ አለ። ሰው ተፈናጦ ሞላው ሲወርድ የማርሽ ሳጥኑ መውጫ፣ የክንዱ መጋጠሚያና የጎማው እንዝርት አንድ መስመር ላይ ይመጣሉ፤ ሰንሰለቱ ይበልጥ የሚወጠረው ያኔ ነው። ባዶውን «ልክ ነው» ተብሎ ጠብቆ የተሠራ ሰንሰለት በጭነት የማርሽ ሳጥኑን መውጫ ኩሽኔታና የዘይት ማገጃ ይበላል፤ ያንን ማስጠገን ከአዲስ ሰንሰለት ዋጋ ብዙ እጥፍ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ሰው የሚጓዝ ከሆነ፣ ሁለቱም ተቀምጠው ሦስተኛ ሰው በጣቱ ሰንሰለቱን ይንካው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አላሉት።